የትሏን ግንባር ያንሱ

በሰኔ አጋማሽ አንድ ጠዋት በምዕራብ ሐረርጌ መሰላ ወረዳ በማሽላ ማሳ ዳር ቆመዋል እንበል። ማሽላው ከጉልበት አልፏል፣ ወገብ ግን አልደረሰም። ቅጠሉ ተበሳስቷል፤ አንዳንዱም ጠርዙ ተበልቶ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተቦጫጭቋል። ቅጠሎቹ ተጠቅልለው ከሚወጡበት ጉሮሮ ውስጥ እርጥብ ሰጋቱራ የሚመስል ኩስ ተጠራቅሟል። ፈልቀቅ ሲያደርጉት ጣት የማታህል ቡናማ ትል ጥቅልል ትላለች። ባለማሳው «ይቺ ምንድን ናት?» ብሎ ይጠይቅዎታል። ስልክዎን አውጥተው ከላይ አንድ ጊዜ ያነሷታል። «ለሚያውቅ ሰው ልኬ እነግርሃለሁ» ብለውት ትለያያላችሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፎቶው የደረሰው ባለሙያ የሚያየው አረንጓዴ ቅጠል ላይ ያለ ቡናማ ነገር ነው። ትሏ መጤ ተምች ልትሆን ትችላለች። ነባሩ ተምችም ልትሆን ትችላለች። አገዳ በስታ ከመግባቷ በፊት ቅጠል ላይ የምትቆይ የአገዳ ቆርቁር ትልም ልትሆን ትችላለች። የሦስቱ ኑሮ ይለያያል፤ መከላከያቸውም እንዲሁ። ለሦስቱም የሚሆን ፎቶ ደግሞ ለአንዳቸውም አይመሰክርም።

ነፍሳትን በፎቶ መለየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሊይዘው የሚገባው ነገር ይኼው ነው፤ ፎቶው ለይቶ የሚነግረን ሰው የሚያነሳውን ጥያቄ መመለስ አለበት። ማማሩ ከተጨመረበት ምርቃት ነው። እንግዲህ ጥያቄዎቹ ምን ምን እንደሆኑ በምዕራብ ሐረርጌ ማሳዎች ላይ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሰ» የተጻፈበት ግንባር

ወደ ትሏ እንመለስና እንደገና እናንሳት። አሁን ከስንዝር ባነሰ ርቀት፣ ከፊት ለፊቷ ይሁን። የመጤ ተምች ትል ስታድግ ጠቆር ባለው ግንባሯ ላይ ነጣ ያለ መስመር ይወጣል። መስመሩ ከላይ አንድ ሆኖ ይጀምርና ወደ ታች ሲወርድ ለሁለት ይከፈላል። የግብርና ባለሙያዎች «የተገለበጠ ዋይ» ይሉታል። ፊደል ለቆጠረ ሰው ግን በመሰላ ስም መሐል ያለችው «ሰ» ናት።

«ሰ» ብቻዋን አትበቃም። ፈዘዝ ያለች «ሰ» በሌሎች ዘመዶቿ ግንባር ላይም ትገኛለች። ስለዚህ ሁለተኛው ፎቶ ከጅራቷ በኩል ይነሳል። ከጅራቷ ጫፍ ቀደም ብሎ ባለው ክፍል ጀርባ ላይ አራት ጥቁር ነጥቦች እኩል አራት ማዕዘን ሠርተው ከተቀመጡ፣ ከ«ሰ» ጋር ተደምረው ጥያቄውን ይዘጉታል፤ መጤ ተምች ናት።

ነባሩ ተምች ቁጥሩ ሲበዛ ጀርባው እንደ ከፋይ ይጠቁራል፤ ጎኑ ላይ ቁመቱን ተከትለው የሚሄዱ መስመሮች አሉት። በመንጋ ሆኖ ሣሩንና እህሉን እያጨደ ከማሳ ማሳ ይጓዛል። የአገዳ ቆርቁር ግን ነጣ ወይም ሮዝ መሰል ቆዳ ያለው፣ አብዛኛውን ዕድሜውን አገዳ ውስጥ ተደብቆ የሚያሳልፍ ትል ነው። እርሱን ማንሳት የፈለገ ባለማሳውን አስፈቅዶ አንድ አገዳ መሰንጠቅ አለበት።

ልዩነቱ የስም ብቻ እንዳይመስለን። መጤ ተምች ከአሜሪካ አህጉር የመጣች ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 ምዕራብ አፍሪካ ላይ ታየች፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ገባች። በቆሎና ማሽላ ባለበት ሁሉ በየጉሮሮው ተደብቃ ትቀመጣለች፤ ከላይ የተረጨ መድኃኒትም ብዙ ጊዜ አያገኛትም። ነባሩ ተምች ግን በወረርሽኝ የሚመጣ፣ በልቶ የሚያልፍ መንገደኛ ነው። አንደኛዋን ለመከላከል ማሳውን በየጥቂት ቀኑ እየገቡ ጉሮሮውን መፈተሽ ያስፈልጋል። ለሁለተኛው ደግሞ ከጎረቤት ወረዳ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ይገዛል። ሁሉንም «ተምች» ብሎ የጠራ ሰው አንዱን በሌላው ዘዴ ሲያሳድድ ይከርማል።

መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ክንፍ

ሳይንስ በስም የመዘገባቸው የነፍሳት ዝርያዎች አንድ ሚሊዮን ገደማ ይደርሳሉ። ይህን ሁሉ በቃሉ የያዘ ሰው የለም። የሚለዩት ሰዎች የሚሠሩት ከትልቁ ቤተሰብ ወደ ትንሹ እየጠበቡ በመውረድ ነው፤ ፎቶ የሚያነሳም ሰው ይህንን ቅደም ተከተል ይዞ ቢሄድ ይጠቅመዋል።

እግሩን ይቁጠሩ። ጎልማሳ ነፍሳት ስድስት እግር አላቸው፤ ሰውነታቸውም ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ስምንት እግር ካዩ ሸረሪት፣ ጊንጥ ወይም መዥገር ነው፤ ከነፍሳት መዝገብ ወጥቷል።

ቀጥሎ ክንፉን ይዩ። የጥንዚዛ የፊት ክንፎች ደንድነው ቅርፊት ሆነዋል፤ ጀርባው ላይ በቀጥታ መስመር ይገጥማሉ። የትኋን ዘመዶች ክንፍ ግን ጫፍና ጫፉ ይደራረባል፤ ጀርባቸው መሐል ሦስት ማዕዘን ጋሻ አላቸው፤ ከሆዳቸው ሥር ደግሞ የታጠፈ መጥባቻ ቱቦ ይዘዋል። የቡናን ፍሬ የሚወጋው አንቴስቲያ ከእነዚህ ወገን ነው። ጀርባውን ብቻ ያነሳ ሰው ጥንዚዛ ነው ሊል ይችላል፤ ገልብጦ ቱቦውን ያነሳ ግን አይሳሳትም።

ዝንብ ክንፉ ሁለት ብቻ ነው፤ ንብና ተርብ አራት አላቸው። ይህ ቀላል ቢመስልም አበባ ላይ ያሳስታል። ቢጫና ጥቁር ሸማ ለብሶ ንብ መስሎ የሚዞር የዝንብ ወገን አለ። የሚያጋልጠው ፊቱ ነው፤ ዓይኖቹ ራሱን ከሞላ ጎደል ይሸፍናሉ፣ አንቴናው ግን አጭር ጉቶ ነው። የንብ አንቴና ረዘም ብሎ እንደ ክርን ይታጠፋል። ቢራቢሮና የእሳት እራትም እንዲሁ በአንቴናቸው ይለያሉ፤ የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ ላይ እብጠት አለው፣ የእሳት እራት ግን እንደ ክር ወይም እንደ ላባ ነው።

ስልኩ እና እጁ

ለዚህ ሁሉ ውድ ካሜራ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ስልክ፣ አንድ ነጭ ወረቀት፣ ማስመሪያና ትዕግሥት ነው። ስልኩ ላይ ቆንጥጦ የሚያዝ ትንሽ የማጉያ ሌንስ ከተገኘ ሥራው ይቀላል።

ሰዓቱ ትልቅ ነገር ነው። ነፍሳት የሰውነታቸውን ሙቀት ከአካባቢያቸው ስለሚያገኙ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ጤዛ ሳይረግፍ፣ ደንዝዘው ይቀመጣሉ። በጨርጨር ደጋ ብርድ ክንፉን አጥፎ ቅጠል ላይ የተለጠፈ ቢራቢሮ ሦስት ሰዓት ላይ አይጠብቅዎትም። ጠዋት ያመለጠው ሰው ማታ ሊክሰው ይችላል፤ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥሮ ባትሪ ቢያበራበት የእሳት እራቶች ራሳቸው ይመጣሉ።

ሲጠጉ ጥላዎ አይቅደምዎ። ነፍሳት የሚደነግጡት አብዛኛውን ጊዜ ድንገት በሚያልፍ ጥላና በፈጣን እንቅስቃሴ ነው። ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ ወይም መሬት ላይ ያስደግፉ። የስልኩን ማቅረቢያ ጣትዎን በማፍታታት አይጠቀሙ፤ ነገሩን ሳያቀርብ ምስሉን ብቻ ያደበዝዘዋል። በዚያ ፋንታ ራስዎ ይጠጉ፤ ስክሪኑን ነፍሳቱ ላይ ነካ አድርገው ጥራቱን ያስተካክሉ። ከዚያ አከታትለው አሥር ጊዜ ያንሱ፤ ዘጠኙ ይደበዝዛል፣ አንዱ ይወጣል። ፀሐዩ ከበረታ በነጩ ወረቀት ጥላ ይሥሩ፤ የሚያብረቀርቅ የጥንዚዛ ጀርባ በቀጥታ ፀሐይ ላይ መስታወት ሆኖ ዝርዝሩን ይደብቃል።

ማዕዘኖቹ አምስት ናቸው፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት፣ ከሥር፣ በመጨረሻም ከተቀመጠበት ተክል ጋር። አንዱ ላይ ማስመሪያ ይግባበት። ማስመሪያ ከሌለ እስክሪብቶም ይሆናል፤ መጠኑ ያልታወቀ ነፍሳት በፎቶ ላይ ዝሆንም ትንኝም ነው።

ሁለቱ ቢጫ ጥንዚዛዎች

ማዕዘኖቹ ለምን እንደሚያስፈልጉ ለማየት ወደ ሚኤሶ ቆላ እንውረድ። ጊዜው መስከረም መጨረሻ ነው፤ ማሽላው ወተት ይዟል። ራሱ ላይ ቢጫና ጥቁር ጥንዚዛዎች ተከምረው ይበላሉ።

ይህ የማሽላ ጥንዚዛ ሊሆን ይችላል። ርዝመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሰውነቱ ሰፋ ያለ፣ ጠንካራና ጀርባው ለጥ ያለ ነው፤ ቢጫ ቡናማ መደብ ላይ ጥቁር ምልክቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1993 በኢትዮጵያ ወረርሽኝ ሆኖ ከተነሳ ወዲህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ተመራማሪዎች ኑሮውን አጥንተውታል። በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ያፈራል። በክረምቱ መግቢያ ይራባል፤ እንቁላሉን አፈር ውስጥ ይጥላል፤ እጩ በበሰበሰ ነገር ይመገባል። አዲሱ ትውልድ ከአፈር የሚወጣው ማሽላው ወተት ሲይዝ ነው። በአበባና በፍራፍሬ መዓዛ ስለሚሳብ ተመራማሪዎቹ መዓዛ በተደረገባቸው ወጥመዶች ላይ ሠርተዋል።

ነገር ግን ማሽላና አበባ ላይ ሌላም ቢጫና ጥቁር ጥንዚዛ አለ። የእርሱ ሰውነት ረዘም ያለና ለስላሳ ነው፤ ክንፉ ላይ አግድም የሄዱ ወፋፍራም ቀበቶዎች አሉት፤ ራሱና ደረቱ መሐል ደግሞ አንገት አለው። ከጎን ሲያዩት ጭንቅላቱ ወደ ታች ያቀረቀረ ይመስላል። ሲነኩት ከመገጣጠሚያው የሚያወጣው ፈሳሽ ቆዳ ላይ ውኃ ይቋጥራል። ከሩቅ በተነሳ ፎቶ ላይ ሁለቱም «ቢጫ ጥንዚዛ» ናቸው። ከጎን በተነሳ ፎቶ ላይ ግን አንገት ያለውና አንገት የሌለው ወዲያው ይለያሉ። ይህ ለእጅዎም ትምህርት ነው፤ ያላወቁትን ነፍሳት በቅጠል ወይም በስንጥር እንጂ በባዶ ጣት አይገልብጡ።

ቀለም ይዋሻል

ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የበረሃ አንበጣ ኢትዮጵያን ሲወር፣ ለሀገራችን በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ነበር። የሐረርጌ ማሳዎችም ከተወረሩት ውስጥ ነበሩ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን የ35,000 ሰው ያህል ምግብ ይበላል። በ2012 ዓ.ም. የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የአሜሪካው ፔንስቴት ዩኒቨርሲቲ «ኢሎከስት3ኤም» የተባለ የስልክ መተግበሪያ አወጡ። ማንም ሰው አንበጣ ያየበትን ቦታ ከነፎቶው እንዲልክ የታሰበ ነበር። የስልክ ፎቶ በሀገር ደረጃ ሥራ ላይ የዋለበት አጋጣሚ ነው።

ታዲያ አንበጣን በምን እንለያለን? በቀለሙ ካልን እንሳሳታለን። ብቻውን የሚኖር የበረሃ አንበጣ ቡናማ ወይም ግራጫ ነው። መንጋ የሆነው ወጣት ሮዝ ይሆናል፤ ለመራባት ሲደርስ ደማቅ ቢጫ ይለብሳል። አንድ ዝርያ፣ ሦስት ቀለም። ቀለሙ የሚነግረን ዕድሜውንና ጠባዩን ነው።

ከተራ ፌንጣ የሚለየውን ምልክት ለማየት ከሥሩ ማንሳት ያስፈልጋል። ከፊት እግሮቹ መሐል፣ ከአንገቱ ሥር፣ ትንሽ እብጠት አለችው። ይህች እብጠት በቅርብ ዘመዱ በዛፍ አንበጣም ላይ አለች፤ ስለዚህ አንድ ፎቶ ይቀራል። የኋላ ክንፉን በጥንቃቄ ዘርግተው ሲያነሱት የዛፍ አንበጣ ክንፍ ሥሩ አካባቢ ጥቁር ጥላ ያሳያል፣ የበረሃው ግን ጥርት ያለ ነው። አባቶቻችንም ጥፋተኞቹን በጅምላ አልጠሩም፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በትንቢተ ኢዩኤል ተምችን፣ አንበጣን፣ ደጎብያንና ኩብኩባን ለያይቶ ይጠራል።

ከፍታው ግማሽ መልስ ነው

ሚኤሶ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጭሮ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ። ከሚኤሶ ወደ ጭሮ የሚወጣ መኪና ዳገቱን ሲጨርስ አየሩ ይቀየራል፤ ነፍሳቱም ይቀየራሉ። ለምሳሌ የአገዳ ቆርቁር አንድ ዝርያ አይደለም። ከእስያ የመጣው ቺሎ በቆላው ይበዛል፤ የአፍሪካ ተወላጁ ቡሴኦላ ደግሞ ወይና ደጋውንና ደጋውን ይመርጣል። አንድ ትል «ከምዕራብ ሐረርጌ» ብቻ ተብሎ ቢላክ ባለሙያው ሁለቱንም ይጠረጥራል። ከፍታው ቢጻፍለት ግን አንደኛው ወደ ፊት ይመጣል።

ስለዚህ ከፎቶው ጋር ማስታወሻ ይያዝ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቀበሌው፣ ተክሉ፣ የተክሉ ዕድሜ፣ የሚበላው ክፍል። የስልክዎ የቦታ መጠቆሚያ ክፍት ከሆነ ቦታው ፎቶው ላይ ራሱ ይመዘገባል። አንድ ሌላ መስመር ይጨምሩ፤ የአካባቢው ሰው በኦሮምኛ የሚጠራበትን ስም። ንብን «ከኒሳ»፣ አንበጣን «አዋኒሳ» የሚል ሰው መጽሐፍ ላይ ያልሰፈሩ ብዙ ስሞችንም ያውቃል። ስሙ ብዙ ጊዜ ጠባዩንም ይዟል።

ወዳጅን አለመግደል

አንዳንድ ጊዜ አገዳ ሲሰነጠቅ የሞተ ወይም የደከመ ትል ይገኛል፤ አጠገቡ ደግሞ ሩዝ የሚመስሉ ነጫጭ ነገሮች ተደርድረዋል። «ጭራሽ እንቁላል ጥላለች!» ተብሎ በእግር መረገጡ የተለመደ ነው። እንቁላል ግን አይደሉም። ኮቴሲያ የተባለች የትንኝ ታናሽ የምታህል ተርብ እንቁላሏን ትሉ ውስጥ ትጥላለች፤ ልጆቿ ትሉን ከውስጥ በልተው ይወጡና እነዚህን ነጫጭ ጎጆዎች ይፈትላሉ። አንዷ የኮቴሲያ ዝርያ ቺሎን እንድትቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ1993 ኬንያ ውስጥ ተለቀቀች፤ በኋላም ማንም ባልለቀቃት በኢትዮጵያ ማሳዎች ተገኘች። ክፍያ ሳትጠይቅ የምትሠራ ሠራተኛ ናት።

ክሽክሽ በወረረው ቅጠል ላይም ተመሳሳይ ስህተት ይፈጸማል። ባለነጥብ ቀይዋን ትንሽ ጥንዚዛ ሁሉም ይወዳታል፤ ልጇን ግን ማንም አያውቃትም። ልጇ ጠቆር ያለች፣ ሻካራ፣ ትንሽ አዞ የምትመስል ናት። ክሽክሹን የምትጨርሰው እርሷ ሆና ሳለ በጣት የምትደፈጠጠውም እርሷው ናት። ፎቶ የማንሳት ልማድ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ይመስለኛል፤ እጅ ከመቅደሙ በፊት ዓይን እንዲቀድም ያደርጋል።

ስም የሚቆምበት ቦታ

ዛሬ ፎቶ አይተው ስም የሚሰጡ መተግበሪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው አይናቹራሊስት ከእነዚህ አንዱ ነው፤ መተግበሪያው ይገምታል፣ ከዚያም የዓለም ሰዎች ያርሙታል ወይም ያጸድቁታል። ጠቃሚ ነው፤ አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። መተግበሪያው የተማረው ከተጫኑለት ፎቶዎች ነው። ብዙ ፎቶ የሌለውን የሀገራችንን ዝርያ ካላወቀው፣ የሚያውቀውን የሩቅ ሀገር ዘመዱን ይጠራልዎታል። መልሱን እንደ ጥቆማ ይያዙት፤ ከዚያም ምልክቶቹን ራስዎ ያመሳክሩ።

የሰው ዓይን ሲያስፈልግ በቅርብ ያሉትን ይጠይቁ። የወረዳው የግብርና ባለሙያ፣ ዳሮ ለቡ የሚገኘው የመቻራ ግብርና ምርምር ማዕከልና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ ራቅ ሲል ደግሞ የአምቦው የግብርና ምርምር ማዕከልና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። እነርሱም ቢሆኑ «ከፎቶ ይህን ያህል ነው የምለው፤ የቀረው በማይክሮስኮፕ ነው» የሚሉበት ጊዜ አለ። ይህ ሽንፈት አይደለም። «ጥንዚዛ ነው፤ ከማሽላ ጥንዚዛ ቤተሰብ ነው፤ ዝርያውን አላውቅም» የሚል መዝገብ፣ በድፍረት ከተጻፈ የተሳሳተ ስም ይሻላል።

የመጨረሻው ምክሬ የማሳ ሥነ ሥርዓት ነው። ጫትም ሆነ ቡና ያለበት ማሳ ሳያስፈቅዱ አይግቡ፤ መድኃኒት የተረጨበት ከሆነም ይለፉት። ጎጆ አያፍርሱ፤ በተለይ መሬት ውስጥ ያለውን የጣዝማ ጎጆ ለፎቶ ብለው አይቆፍሩ። የገለበጡትን ድንጋይ እንደነበረ ይመልሱ። መልሱ ሲመጣም መጀመሪያ «ይቺ ምንድን ናት?» ብሎ ለጠየቀዎት ሰው ይንገሩ፤ ማሳው የእርሱ ነው።